የጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ ሙግት

በአሜሪካ አገር ቤዝቦል የሚባል፥ የተወረወረ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ አለ። በዚሁ ጨዋታ ስማቸው ከገነነው አንዱ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 በፔንሲልቫኒያ የተወለደው ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ ነው። ኳስ ወርዋሪ ሳለ በ1880 የቡፋሎን ቡድን አንድ ሰው እንኳ የመጀመሪያውን ማረፊያ ሳያስረግጥ አሸነፈ። ክንዱ በታመመ ጊዜ ስፍራውን ለውጦ ተጫወተ፤ ከጨዋታውም ጋራ ሕግ ተምሮ በ1885 ከኮሎምቢያ ተመረቀ።

በዚያው ዓመት የተጫዋቾችን ማኅበር አቋቋመ። ምክንያቱም የቡድን ባለቤቶች በ1879 ያወጡት ደንብ ነው። የውሉ ዘመን ቢፈጸምም ተጫዋቹ ለሌላ ቡድን እንዳያድር ይከለከላል፤ ባለቤቱ ግን ሊሸጠው ወይም ሊያሰናብተው ይችላል። ውሉን እንደ ቅኔ ቢፈቱት ሰሙ ቅጥር፥ ወርቁ ግዞት ነው። ደመወዛቸው መልካም ነበር የሚል ቢኖር፥ የደመወዝ ብዛት የሰውን መሸጥ አያቀናውም እንለዋለን። ዋርድም ይህንኑ በ1887 በመጽሔት ጽፎ ተሟገተ።

በ1888 መጨረሻ ዋርድ ከባልንጀሮቹ ጋራ እየተጫወተ ዓለምን ሊዞር ወጣ፤ ጉዞውም እስከ ግብጽ ደረሰ። ባለቤቶቹ ግን እርሱ በሌለበት ተጫዋቾችን በአምስት ማዕርግ ከፍለው፥ የደመወዙን ጣሪያ 2500 ዶላር አደረጉ። ከሜዳ ውጭ ያለው ጠባይ ሳይቀር ይመዘን ነበር!

ስለዚህ በ1890 ተጫዋቾቹ ስምንት ቡድን ያሉበት የራሳቸውን ሊግ አቆሙ። ነገር ግን ገንዘብ ያዋጡላቸው ባለጠጎች ኪሳራ ቢያስፈራቸው ከተቃራኒው ወገን ጋራ ተስማሙ፤ ሊጉም በዓመቱ ፈረሰ። ዋርድ በ1894 ጨዋታ ትቶ በጥብቅና ኖረ፤ በ1925 ሞተ። ደንቡን የጣለው የገላጋይ ዳኛ ፍርድ የተሰጠው በ1975 ነው።