አሮጌው ይመለስ ወይስ ይነበብ?

ወረታ ላይ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ይገናኛሉ። መገናኛው ባይኖር ማን ከማን ይደርስ ነበር? የኮምፒዩተርም ታሪክ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ኤም.ኤስ.ኤክስ. የተባለ የቤት ኮምፒዩተር የጋራ ደረጃ ወጣ፤ ለአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ የተሠራ ፕሮግራም በሌላውም እንዲሠራ። ወዳጆቹ ዛሬም «ይመለስ፣ አይመለስ» እያሉ ይሟገታሉ።

የእኛ ፊደል ግን ኮምፒዩተር ውስጥ የገባው ያለ ስምምነት ነው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ሁሉም ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ደረደሩት። አንዱ የጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። መገናኛው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድ 3.0 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን መዘገበ።

ታዲያ በዶርማችን ክርክር አንዱ «የድሮው ይመለስ፤ እጄ ለምዶታል» ሲል፣ ሌላው «ይቀበር!» ይላል። ኧረ ቀስ! አጎቴ በ1988 ዓ.ም. የወረታ እድራቸውን ደንብ በኮምፒዩተር አስጽፎ ነበር። ባለፈው ክረምት ፋይሉን ብከፍተው አንዲት ፊደል መለየት አቃተኝ። የጣና ገዳማት ብራና እኮ ከስንት መቶ ዓመት በኋላም ይነበባል!

እንዲመለስ የምጠይቀው አሮጌው መሣሪያ አይደለም፤ ቁልፉ ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደነበር የሚያሳየው ሰንጠረዥ ከተገኘ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ዩኒኮድ ይገለበጣል።

ወገኖቼ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንመዝግበው። አለዚያ የአባቶቻችንን ብራና እያነበብን የአጎቶቻችንን ቃል የማናውቅ ትውልድ መሆናችን ነው።