ስሜትን መግራት

ስሜትን መግራት ሰው የሚሰማውን ስሜት፣ ኃይሉን፣ ቆይታውንና አገላለጹን ለመለወጥ አውቆም ሆነ ሳያውቅ የሚያደርገው ጥረት ነው። ብዙ ጊዜ «ስሜትን መቆጣጠር» እየተባለ ይተረጎማል፤ ቁጥጥር ሲባል ግን ማፈን ቶሎ ወደ ሐሳብ ይመጣል። የቢቸና ገበሬ ወይፈን ሲገራ ጉልበቱን ከቀንበር ጋር ያስማማዋል እንጂ አያጠፋውም፤ «መግራት» የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ውጥረትን መቋቋም ከዚህ ይሰፋል፤ ላዛረስና ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስረዱት፣ ለውጥረቱ ምክንያት የሆነውን ችግር ራሱን መፍታትንም ይጨምራል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1998 የመግሪያ መንገዶቹን በአምስት ከፍሏቸዋል፦ ሁኔታን መምረጥ፣ ሁኔታን ማሻሻል፣ ትኩረትን ማዞር፣ አተያይን መለወጥና የመጣውን ስሜት ማስተናገድ። ለምሳሌ ለምልምል ወታደር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዝግ ናቸው ማለት ይቻላል። የ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶች 6 ወር ሠልጥነው 2 ዓመት እንዲያገለግሉ ያስገድድ ስለነበር፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር የሚወሰድ ወጣት ምርጫ አልነበረውም። ዛሬ በፈቃዱ ተመዝግቦ ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ የሚገባውም ቢሆን፣ ከበሩ ካለፈ በኋላ የመኝታውንም የመነሻውንም ሰዓት የሚወስንለት ፊሽካ ነው።

ስለዚህ ለምልምሉ ትልቁ ልዩነት የመጣውን ስሜት በማፈንና አተያይን በመለወጥ መካከል ይታያል። አሥር አለቃው በጋንታው ፊት ሲጮህበት ጥርሱን ነክሶ ፊቱ ላይ ምንም እንዳይነበብ የሚያደርግ ምልምል ንዴቱ ከውስጥ አይቀንስለትም። የግሮስና የባልደረቦቹ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ስሜትን ማፈን በዚያው ሰዓት የተነገረን ነገር የማስታወስ ችሎታንም ይጎዳል፤ መሣሪያ ፈቶ የመግጠምን ቅደም ተከተል ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ጩኸቱን «ተኩስ መሐል እንዳልደናገጥ እያለማመደኝ ነው» ብሎ የሚተረጉመው ግን ንዴቱ ሳይጋጋል ይበርድለታል። ይህ በደልን በበጎ መተርጎም አይደለም፤ ስድብና ድብደባ የሥልጠና አካል ተደርጎ ሲቆጠር መታረም ያለበት አሠልጣኙ ነው።

መግራት ማብረድ ብቻም አይደለም። በጎጃም ዘማች ሲሸኝ የሚሰማው ቀረርቶና ሽለላ ፍርሃትን ወደ ወኔ የማዞር የቆየ ዘዴ ነው፤ በሩጫ ላይ የሚዘመረው የኅብረት ዜማም ትኩረትን ከድካም ወደ ጓድ ይወስዳል። ዜማ የማይደርስበት ሌሊቱ ነው። ተኝቶ ስለ ቤቱ የሚያብሰለስል ምልምል እስትንፋሱን ረጋ አድርጎ ቢያስወጣ የልብ ምቱ ይረጋጋል፤ የሆዱን ለሚያምነው ጓድ ማጫወቱም ያቀልለታል። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።