ካችኛ፦ አየር ወደ ውስጥ የሚስቡ ድምፆች
የኢንዶ-አርያ ቋንቋ | መነሻ፦ ካች፣ ምዕራብ ሕንድ | ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

ካችኛ የሲንድኛ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተሻገረው ከካች ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ጋር ነው። የደቡብ እስያ ዝርያ ያላቸው ኬንያውያን በሚበዙበት ፓርክላንድስ ከጉጃራትኛ ጎን ለጎን ይነገራል። አነጋገሩ እንደ ማኅበረሰቡ ይለያያል፤ የኮጃዎችና የሌቫ ፓቴሎች ካችኛ አንድ ዓይነት አይደለም።

ቋንቋው አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚነገሩ አራት ተነባቢዎች አሉት፤ እነርሱም የ«በ»፣ የ«ደ»፣ የ«ጀ» እና የ«ገ» አምሳያዎች ናቸው። የኦሮምኛው «ዸ» የዚሁ ወገን ነው፤ የአማርኛ «ጠ» እና «ቀ» ግን አየርን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ስዋሂሊም ተመሳሳይ ድምፆች አሉት። ሆኖም በካችኛ ተራውን «በ» ወደ ውስጥ በሚሳበው መተካት የቃሉን ትርጉም ይለውጣል፤ በስዋሂሊ አይለውጥም። ካችኛ በአብዛኛው የሚጻፈው በጉጃራት ፊደል ነው።