ከላንቻ ሮ እስከ ሲኖትራክ፦ የናፍጣ ሞተር መጻኢ ዕድልና የእኛ ነገር

መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የናፍጣ ሞተር ያለቀለት የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ሆኖም ታሪክ እንደሚያስረዳን የሞተርን ዕድል ከብልሃቱ ይልቅ ነዳጁን የሚያቀርበውና የሚጠግነው እጅ ይወስነዋል።

ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 (እ.ኤ.አ.) አውግስበርግ ላይ ያስሞከረው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ። ቀጥሎ ጀርመናዊው ሁጎ ዩንከርስ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖችን ፊት ለፊት አጋጠመ፤ ቴስታታ ስለሌለው የሚባክነው ሙቀት ያንሳል። ይህንኑ ሞተር በፈቃድ የሠራው የኢጣሊያው ላንቻ፣ «ሮ» በተባለው የጭነት መኪናው ላይ ገጠመው፤ የፋሺስት ጦርም ይዞት ወደ አገራችን ዘመተ። ላንቻ ራሱ በ1938 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው «3ሮ» ላይ ብልሃቱን ትቶ ወደ ተለመደው ሞተር ተመለሰ። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ የተመሠረተው አካቴስ ፓወር ግን የመጪው ዘመን ቆጣቢ ሞተር ብሎ ያነሣው ይህንኑ አሮጌ ብልሃት ነበር።

የስታራቼ ጦር በመኪና ተጭኖ ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ። ነዳጅ ባይደርሰው ኖሮ ያ ሁሉ መኪና የት ይደርስ ነበር?

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነፃ ስትወጣ የሊማሊሞ መንገድና የመኪናው ቋንቋ ቀሩልን፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። ዕውቀቱ ከትምህርት ቤት ይልቅ በጋራዥ፣ ከመካኒክ ወደ ረዳት እየተላለፈ ኖረ። ኤንትሬ የምንለው ፊያት ያለ ቱርቦ ሊማሊሞን ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለው ደባርቅ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ቱርቦ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ግን በ1905 (እ.ኤ.አ.) ነው።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የቻይናው ዌይቻይ 53.09 በመቶ የደረሰ የናፍጣ ሞተር አስታወቀ፤ ከዲዝል ሞተር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። መንገዳችንን የሞላው ሲኖትራክ የዚሁ ኩባንያ እህት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሞተር ነዳጁን የሚረጨው በኮምፒዩተር ትእዛዝና በከፍተኛ ግፊት ስለሆነ፣ ውኃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተሩን ያበላሸዋል። ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ያውቅ የነበረው መካኒካችንም ያለ መመርመሪያ መሣሪያ እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

መብራት ያልደረሰው ገበሬ እህሉን የሚያስፈጨው፣ የደምቢያው አትክልት አምራችም ውኃ የሚስበው በሞተር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ እንዳየነው፣ ሞተር ምንም ቢቆጥብ በባዶ በርሜል አይሠራም።

ስለዚህ መንግሥት ስለ አውቶሞቢል ሲያውጅ የከባድ መኪናውን፣ የወፍጮውንና የፓምፑን ነገር አብሮ ሊነግረን ይገባል። የናፍጣው ጥራት ይጠበቅ፤ የሙያ ትምህርት ቤቶቻችን የአዲሱን ሞተር መመርመሪያ ይታጠቁ። ዘጠና ዓመት ሙሉ የሌላውን ሞተር እየነዳን ስሙን ብቻ ወረስን። ዕውቀቱን ካልያዝን በኤሌክትሪኩም መኪና የሚጠብቀን ያው ነው።