የሳቫና ቤቶች፦ ቅርስን ማን ያድናል? ለማንስ?

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ የአራት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቃ በምትገኘው ሳቫና ከተማ፣ ኤሊስ የሚባል አደባባይ አለ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የከተማዋ ገበያ የሚቆመው በዚህ ስፍራ ነበር። በ1954 (የአሜሪካው ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአደባባዩ ላይ የነበረው ትልቅ የጡብ አዳራሽ ፈረሰና ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በ50 ዓመት ኪራይ ተሰጠ። የኪራዩ ዘመን ሲያበቃ ከተማዋ ማቆሚያውን አፈረሰች፤ መኪኖቹን ከመሬት በታች አወረደች፤ አደባባዩንም በ2010 ለሕዝብ መልሳ ከፈተች። አንድን ስሕተት ማረም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ። አዳራሹ ግን አልተመለሰም።

ገበያው ሲፈርስ ያዘኑም የተቃወሙም ብዙዎች ነበሩ። ሐዘናቸው አዳራሹን አላዳነውም። በዓመቱ ግን ጥቂት ሰዎች ከዚያው ሐዘን ተነሥተው ሌላ መንገድ ሞከሩ። ይህ ጽሑፍ ያ መንገድ ምን እንደ ነበረ፣ ምን እንዳተረፈ፣ እነማንንም ወደ ጎን እንደ ተወ ይመረምራል። ፒያሳ ስትፈርስ ከባሕር ማዶ በስልካችን ለተመለከትን ሰዎች ጥያቄው ሩቅ አይደለም።

ድህነት የጠበቃት ከተማ

ሳቫናን በ1733 የቆረቆሯት እንግሊዛዊው ጄምስ ኦግልቶርፕ ናቸው። ከተማዋን በሠፈር በሠፈር ከፋፈሏት። በእያንዳንዱ ሠፈር መካከል አንድ አደባባይ፣ በሰሜንና በደቡቡ የመኖሪያ ቤቶች፣ በምሥራቅና በምዕራቡ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያንና ለሕዝብ አገልግሎት የሚሆኑ ሕንፃዎች እንዲቆሙ አቀዱ። ከተማዋ ስታድግ ይኸው ንድፍ እየተደገመ ሄደ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አደባባዮቹ 24 ደረሱ። ዛሬ 22ቱ አሉ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በታኅሣሥ 1864፣ የጄኔራል ሸርማን ጦር ጆርጂያን እያወደመ ወደ ባሕር ሲወርድ ሳቫና እጇን ሰጥታ ከቃጠሎ ተረፈች። ከዚያም በጥጥ ንግድ ዳግመኛ በለጸገች። በ1920ዎቹ ግን ተባይ የጥጡን ማሳ ሲያጠፋው ንግዱም አብሮ ደቀቀ። ባለጠጎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ወጡ፤ ትልልቆቹ ቤቶች በክፍል በክፍል ተሸንሽነው ለድሆች ተከራዩ። አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ አሮጌው ባለበት ቆየ።

አደጋው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከገንዘቡ ጋር ነው። አንደኛው ምክንያት የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ነበር፤ ሁለተኛው ጡቡ ራሱ። «የሳቫና ግራጫ» የሚባለው ጡብ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በነበረ የእርሻ ይዞታ፣ በባርነት በተያዙ ጥቁሮች እጅ የተሠራ ነው። በከተማ ዳር አዲስ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ይህን ጡብ ስለ ወደዱት፣ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አፍርሶ፣ ጡቡን መቸርቸር አዋጪ ንግድ ሆነ። ቤቱ ከነሕይወቱ ከሚያወጣው ዋጋ ይልቅ ሬሳው ውድ ሆነ።

ሰባቱ ሴቶች

በ1955 ተራው በኮሎምቢያ አደባባይ ለቆመው የዳቬንፖርት ቤት ደረሰ። ቤቱን በ1820 የሠሩት ግንበኛው አይዛያ ዳቬንፖርት ሲሆኑ፣ በጊዜው ለብዙ ተከራዮች ተከፋፍሎ እጅግ ጎስቁሎ ነበር። አንድ የቀብር አገልግሎት ድርጅት ቤቱን አፍርሶ ቦታውን የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አሰበ። በጋዜጠኛዋና ሠዓሊዋ በአና ሀንተር መሪነት ሰባት ሴቶች ተሰባሰቡ፤ 22,500 ዶላር አሰባስበው ቤቱን ገዙት። በዚያው ዓመት ሂስቶሪክ ሳቫና ፋውንዴሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ።

ሰባቱም የመንግሥት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ በኪነ ሕንፃ ሙያም አልተሰማሩም። የነበራቸው የከተማዋን ባለሀብቶች ማወቅና ጥያቄያቸውን ደጋግመው ማቅረብ ነው። ቤቱ ታድሶ በ1963 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ይሁን እንጂ አንድ ቤት ማዳን ከተማ ማዳን አይደለም። እያንዳንዱን ቤት ገዝቶ ሙዚየም ማድረግም አይቻልም፤ ሰው የማይኖርበት ከተማ ከተማነቱ ያበቃል። ማኅበሩ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረበት።

መዝገብና ዕቁብ

ዘዴው ሁለት ነበር። የመጀመሪያው መዝገብ ነው። ማኅበሩ ከተማዋን በየጎዳናው እያስቃኘ፣ ሕንፃዎቹን እያስመዘነ፣ ሊጠበቁ የሚገባቸውን ከ1,000 በላይ ቤቶች ለየ፤ ውጤቱም በ1968 በመጽሐፍ ታተመ። ከዚያ በፊት ክርክሩ ሁሉ ስለ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ አፍራሹም «አንዲት አሮጌ ቤት ብትጎድል ምን ይሆናል?» ማለት ይችል ነበር። መዝገቡ ከታተመ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቤት የአንድ ሙሉ አካል ክፍል መሆኑ በጽሑፍ ታወቀ።

ሁለተኛው ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። አሠራሩ ከዕቁብ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ዕጣው የሚወጣው ለሰው ሳይሆን ለቤት መሆኑ ነው። ማኅበሩ ሊፈርስ የተቃረበውን ቤት ይገዛል፤ ራሱ አያድሰውም። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊያድሰው ለሚዋዋል ገዢ መልሶ ይሸጠዋል። በውሉ ላይ ቤቱ እንዳይፈርስ፣ ገጽታውም ያለ ፈቃድ እንዳይለወጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ይሰፍራል፤ አንቀጹ ከመጀመሪያው ገዢ አልፎ በኋላ የሚመጡትንም ባለቤቶች ያስራል። ከሽያጩ የተመለሰው ገንዘብ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። አንዳንዴ በኪሳራ ይሸጣል፤ ዓላማው ትርፍ አይደለምና። በዚህ መንገድ እስከ ዛሬ ከ400 በላይ ሕንፃዎች ተርፈዋል።

የጊዜውን መንፈስ ከሚያሳዩት ሥራዎች አንዱ በ1960 ገደማ የማርሻል ረድፍ በሚባሉት አራት ተያያዥ ቤቶች ላይ የሆነው ነው። በኋላ የማኅበሩ መሪ የሆኑት ባለሀብቱ ሊ አድለር ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው ቤቶቹን ሊገዙ ሲነሡ፣ ጡቡ አስቀድሞ ተሽጦ ነበር። መሬቱን ከአንዱ፣ ገና በግድግዳው ላይ ያለውን ጡብ ከሌላው ገዙ።

የነገሩ ቅደም ተከተል ሊስተዋል ይገባል። አሮጌው የከተማዋ ክፍል የብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ማዕረግ ያገኘው በ1966 ነው፤ ከተማዋ ራሷ በቅርስ ክልሉ ውስጥ ግንባታን የሚቆጣጠር ደንብ ያወጣችው ደግሞ በ1973፣ ማኅበሩ ከተመሠረተ ከ18 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ የመጣው በጎ ፈቃደኞቹ የቤቶቹን ዋጋ በገበያ ካስመሰከሩ በኋላ ነው።

ከመዝገቡ የቀሩት

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ነገር ግን በእነዚያ የተሸነሸኑ ቤቶች ውስጥ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከነሱም ብዙዎቹ ድሆች ጥቁሮች ነበሩ። ቤቱን የሚያድስ ገዢ ሲመጣ ተከራዩ ይወጣል። የቤቱ መዳን ለነዋሪው መፈናቀል ሆነ።

በተጨማሪም ማኅበሩ አደባባዮቹን በሚያድንበት በዚያው ዘመን፣ የጥቁሮች የንግድ ጎዳና የነበረው ዌስት ብሮድ ሲፈርስ የደረሰለት አልነበረም። በ1902 የተሠራው ታላቁ የባቡር ጣቢያ በ1963 ለአውራ ጎዳና መውረጃ ሲባል ፈረሰ፤ በዙሪያው የነበረው ሠፈርና ንግድም ተበተነ። የጣቢያው ሕንፃ በውበቱ ከሌሎቹ የሚያንስ አልነበረም። ያነሰው የሠፈሩ ሰዎች ድምፅ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሡት ዌስትሊ ዋላስ ሎው የሚባሉ ፖስተኛ ናቸው። ሎው ደብዳቤ በማደል እየኖሩ ከ1950 እስከ 1976 የጥቁሮች መብት ማኅበር የሆነውን የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሳቫና ቅርንጫፍ መሩ። የምርጫና የመቀመጫ እኩልነት ትግሉ ፍሬ ካፈራ በኋላ ፊታቸውን ወደ ቤቶች አዞሩ። በ1896 የተሠራችውን የኪንግ ቲስዴል ጎጆ ከመፍረስ ለማዳን ወደ ሌላ ቦታ እንድትዛወር አድርገው በ1981 የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ሆና እንድትከፈት አበቁ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች ልጆች በ1867 ለተቋቋመው ለቢች ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ሕንፃም ተሟገቱ። ለሎው ቅርስ ማለት ያማረ በረንዳ ብቻ አልነበረም፤ «እዚህ ነበርን» የሚል ማስረጃ ነበር።

አድለርም ቢሆኑ ጉድለቱን አልካዱም። በ1974 ባቋቋሙት ሌላ ድርጅት አማካይነት፣ በቪክቶሪያን ሠፈር ያሉ የእንጨት ቤቶችን በመንግሥት ድጋፍ እያደሱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲኖሩባቸው አደረጉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኖሪያዎች በዚህ መንገድ ታደሱ። መፈናቀሉን አላስቀረውም፤ ቤቱንና ነዋሪውን አብሮ ማዳን እንደሚቻል ግን አሳየ።

ከሳቫና ወደ ፒያሳ

የሳቫናን ዘዴ እንዳለ ወደ አዲስ አበባ መውሰድ አይቻልም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከ1967ቱ አዋጅ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ወይም የመንግሥት ናቸው። ገዝቶ፣ አስሮ፣ መልሶ የሚሸጥ ማኅበር የሚገዛው መሬት የለውም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈር ሰፊ ክፍል ሲፈርስ በዕቁብ ሊገታ የሚችል ነገር አልነበረም።

ሁለት ነገሮች ግን ይሻገራሉ። አንደኛው የሎው ጥያቄ ነው። በፒያሳ ሰገነቶች ሥር የኖሩት የቀበሌ ተከራዮች ልክ እንደ ሳቫና ተከራዮች በቤቱ ላይ መብት ያልነበራቸው፣ ታሪኩን ግን የያዙ ሰዎች ናቸው። የፈረሰውን ስናለቅስ የምናለቅሰው ለጣውላው ብቻ ከሆነ፣ ከተበተኑት ሰዎች ጋር የተበተነውን ታሪክ ዘንግተነዋል። ሁለተኛው መዝገቡ ነው። መዝገብ መሬት መግዛት አይጠይቅም፤ በአዋጅም አይከለከልም። ከእኛ ብዙዎቻችን በቶሮንቶ ወይም በጅዳ ባለ አልበም ውስጥ፣ ከኋላው አንድ በረንዳ የሚታይበት የሠርግ ፎቶግራፍ አለን። በረንዳው የማን ቤት ነበር? ማን ሠራው? ከ1967 በፊትና በኋላ እነማን ኖሩበት? የሚያስታውሱት ወላጆቻችን ዛሬ በሕይወት አሉ።

ሰባቱ ሴቶች ለገበያው አዳራሽ አንድ ዓመት ዘገዩ። ለዳቬንፖርት ቤት ግን ደረሱ። ፎቶግራፉን ከአልበሙ አውጥቶ በስተጀርባው ዓመቱን፣ ሠፈሩንና ስሞቹን መጻፍ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ የሚጠየቁት ሰዎች እያሉ።