የሆስፒታል ጥበቃና የሕግ አስከባሪነት ሥልጣን፦ ከጅቡቲ ከተማ አንጻር

የሆስፒታል ጥበቃ በር ይጠብቃል፣ ገቢና ወጪውን ይቆጣጠራል፣ ጠብ ሲነሳ ይገላግላል። በጅቡቲ ከተማ እንደ ፔልትዬ ባለ አጠቃላይ ሆስፒታል ደጃፍ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ቆሞ በሽተኛ ሲወርድ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያገኘው ይህን ሰው ነው። በሽተኛው በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛ ወይም በአማርኛ ይናገር ይሆናል፤ ጥበቃው ድንገተኛ ክፍሉን ያመለክተዋል፣ ከአስታማሚዎቹ አንዱን አስገብቶ ሌሎቹን ያስቀራል። ይህን የሚያደርገው ቀጣሪው ተቋም በሰጠው ኃላፊነት ነው። የማሰር፣ አስገድዶ የመፈተሽና ካቴና የማጥለቅ ሥልጣን ግን ምንጩ መንግሥት ነው፤ ክርክሩም ይህ ሥልጣን ለበር ጠባቂው ይተላለፍ ወይስ አይተላለፍ የሚል ነው።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ስትወጣ የፈረንሳይን የሕግ ሥርዓት ይዛ ቀጠለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም ከዚያው ግንድ የበቀለ ነው። በዚህ ሥርዓት ወንጀል መመርመርና ተጠርጣሪን በቁጥጥር ሥር ማቆየት ከፖሊስና ከጃንደርመሪ የሚወጡ፣ በዐቃቤ ሕግ አመራር የሚሠሩ የፍትሕ ፖሊስ መኮንኖች ተግባር ነው። ተጠርጣሪን በመያዝ ረገድ የግል ጥበቃ ድርሻ ከማንኛውም ሰው ድርሻ አይበልጥም። የፈረንሳዩ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 73 በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ይዞ ለቅርቡ የፍትሕ ፖሊስ መኮንን ማስረከብ እንደሚችል ይደነግጋል። የኢትዮጵያ የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 50 እና 58 ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል፤ የግል ሰው እጅ ከፍንጅ የያዘውን ሳይዘገይ ለፖሊስ ጣቢያ ያስረክባል። ያዡ ቃል አይቀበልም፣ አይመረምርም፣ አያሳድርም።

ሥልጣኑ ይስፋ የሚሉ ወገኖች የሚያነሱት ችግር እውነተኛ ነው። በሽተኛው የሞተበት ቤተሰብ በሐዘንና በቁጣ ነርስ ላይ እጁን ሊያነሳ ይችላል፤ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ሐኪም ፖሊስ እስኪደርስ የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋታል። የዓለም ሥራ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ከሙያ ማኅበራት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 በጤና ተቋማት ስለሚፈጸም ጥቃት የጋራ መመሪያ እስከማውጣት ደርሰዋል። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ሆስፒታሎች ልክ እንደ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ፈቀደች። በህንድ ኮልካታ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 አንዲት ሐኪም በምትሠራበት ሆስፒታል ተደፍራ ከተገደለች በኋላ የሆስፒታሉ ጥበቃ የመያዝ ሥልጣን ላለው የፌዴራል ኃይል ተሰጠ።

ይሁን እንጂ ሆስፒታል ገበያ ወይም ስታዲየም አይደለም፤ በውስጡ የሚረብሽ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ታማሚ ነው። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ሊይዙት ሲሉ ይታገላል፤ ላየው ሁሉ ሰካራም ይመስላል። ከጣቱ በሚወሰድ ጠብታ ደም ችግሩ ይታወቃል፣ በደም ሥር በሚሰጥ ግሉኮስ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ልቡ ሊመለስ ይችላል። ካቴና ገብቶበት ወደ ጣቢያ ከተወሰደ ግን እንደ ተኛ ሊቀር ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ ወባ አንጎሉን የነካው ሕፃን ይዛ የምትጮህ እናት፣ የአእምሮ ሕመም የተነሳበት ወጣት፣ ሁሉም ለበር ጠባቂው ሁከተኞች ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ለማሰር የሠለጠነ ዓይን የሚፈልገው ወንጀልን ነው፤ እዚህ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ሕመሙ ነው።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ልዩነት በሚገባ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የወንጀል ፍትሕና የኢሚግሬሽን አዋጅ በመንግሥት ሆስፒታል ቅጥር ሠራተኛን አውኮ ውጣ ሲባል እምቢ ማለትን ወንጀል አድርጎ፣ ሥልጣን የተሰጠው የሆስፒታል ሠራተኛ አዋኪውን በተመጣጣኝ ኃይል እንዲያስወጣ ይፈቅዳል። ሕክምና ወይም የሐኪም ምክር የሚያስፈልገው፣ ወይም ቢወጣ ጤንነቱ አደጋ ላይ ይወድቃል ተብሎ የሚታመን ሰው ግን አይነካም። ሥልጣኑ ማስወጣት እንጂ ማሰር አለመሆኑ የሕጉ ዋና ብልሃት ነው።

የሥልጣን መስፋት ሌላም አደጋ አለው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ሒሳብ ያልከፈለ በሽተኛ ተይዞ ይቆያል፣ በሩን የሚዘጋበትም ጥበቃው ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል በዕዳ የተያዙ ሁለት እናቶችን ጉዳይ አይቶ ድርጊቱ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሏል። ያ ጥበቃ የፖሊስ ሥልጣን ቢጨመርለት የዕዳ እስሩ የሕግ ልብስ ያገኝ ነበር።

በጅቡቲ ከተማ ደግሞ ጉዳዩ ከስደት ጋር ይገናኛል። ከኢትዮጵያ ተነሥተው በእግር በረሃውን አቋርጠው ወደ ጠረፍ ከተማዋ ኦቦክና ከዚያም ወደ የመን ከሚያመሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ከተማዋን ይረግጣሉ፤ ከመካከላቸው ውኃ ጥም ያደከማቸው፣ እግራቸው የቆሰለ፣ ምጥ የያዛቸው አሉ። አፈሳን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ወረቀት የሌላቸው ሁሉ በቀነ ገደብ አገር እንዲለቁ መታዘዙንም የሚያስታውሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የጤና አገልግሎት በር ከፍቷል፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው የማሰር ሥልጣን እንዳለው ከታመነ ግን ቁስለኛው ቁስሉ እስኪሸት ጥግ ይዞ መቅረትን ይመርጣል።

ስለዚህ ለጥበቃ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ቢወጣ እንኳ ጠባብ ሊሆን ይገባዋል፦ ሐኪም ወይም ነርስ ሳያዩት በሽተኛን አለማስወጣት፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሳያዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ፣ ኃይል የተጠቀሙበትን እያንዳንዱን አጋጣሚ ሰዓቱን ጠቅሶ መመዝገብ፣ ከፖሊስ ጋር የማያምታታ የደንብ ልብስ መልበስ። የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ከጥበቃው ሥራ ውጭ መሆኑም በሕጉ በግልጽ ይጻፍ፤ ማስታወቂያው በሆስፒታሉ በር ላይ ሲለጠፍም ከፈረንሳይኛውና ከዓረብኛው ሥር በሶማልኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ ይነበብ።