ስለ መጀመሪያው ፕሮግራም፤ በኢኒትና በሲስተምዲ ምክንያት የተነሣው ክርክር

ኮምፒዩተር ሲከፈት፥ ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት አስቀድሞ የሚያስነሣው አንድ ፕሮግራም አለ። ቁጥሩ 1 ነው፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ከእርሱ ይወለዳሉ። ይህ ፕሮግራም ትንሽ ይሁን ወይስ ትልቅ የሚለው ጥያቄ በነፃ አብረው ይሠሩ የነበሩትን ባለሙያዎች እስከ መለያየት አደረሳቸው። የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ዘመኖቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች በ1983 ከወጣው ከዩኒክስ ሲስተም ፋይቭ የወረሱት ኢኒት ትንሽ ነበር። ሥራው በአንድ ማኅደር የተቀመጡትን ስክሪፕቶች እንደ ተራ ቁጥራቸው ማስኬድ ነው። ማንም አስተዳዳሪ ስክሪፕቱን ከፍቶ ምን እንደሚሠራ ሊያነብ ይችላል፤ ደጋፊዎቹ ይህንን ማመስገናቸው ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ፕሮግራሙ ስላነሰ ሥርዓቱ ሁሉ ቀላል ነበር ለማለት አንደፍርም። ኢኒት ያልተሸከመው በስክሪፕቶቹ ላይ ወድቆ ነበርና። እያንዳንዱ አገልግሎት የሚነሣበትንና የሚቆምበትን ዘዴ በየራሱ ስክሪፕት ይጽፋል፤ ቁጥሩንም በፋይል ያስመዘግባል። አገልግሎቱ በድንገት ቢሞት ቁጥሩ በፋይሉ ላይ ይቀራል፤ የሞተ ሰው ስም ከግብር መዝገብ ሳይፋቅ እንደሚቆይ ማለት ነው።

በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ ያወጡት ሲስተምዲ ይህን ሸክም ወደ ራሱ ወሰደ። አገልግሎቶቹን ጎን ለጎን ያስነሣል፤ ሲግሩፕ በተባለው የከርነል ዘዴም ከእያንዳንዱ የተወለዱትን ሁሉ ይከታተላል። ረጅሙ ስክሪፕት በጥቂት መስመሮች ተተካ። ፌዶራ በ2011 ተቀበለው። ሆኖም የሁኔታ መዝገብና የተጠቃሚዎች መግቢያ ጭምር በዚያው ሥራ ውስጥ ተጠቃለሉ። መዝገቡም እንደ ተራ ጽሑፍ የሚነበብ ሳይሆን የራሱን መሣሪያ የሚጠይቅ ሆነ፤ ከተቃዋሚዎቹ ቅሬታ ሁሉ በእኛ አስተያየት የሚከብደው ይህ ነው።

ክርክሩ የከረረው በ1993 በተመሠረተው በዴቢያን ዘንድ ነው። በ2014 መጀመሪያ የቴክኒክ ኮሚቴው ድምፅ አራት ለአራት ተከፈለና የሰብሳቢው ድምፅ ለሲስተምዲ ፈረደ። ልብ ልንለው የሚገባን ግን ድምፁ እኩል የተከፈለው በሲስተምዲና በ2006 ኡቡንቱ በተቀበለው በአፕስታርት መካከል መሆኑን ነው። እንግዲህ ኮሚቴው የተከራከረው አሮጌውን ኢኒት በየትኛው አዲስ ሥርዓት እንተካው በሚለው ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ውሳኔው ያልተዋጠላቸው ሰዎች በዚያው ዓመት ተለይተው ዴቩዋንን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው የጸና እትማቸው በ2017 ወጣ። ዴቢያንም በ2019 ጉዳዩን እንደገና ለአባላቱ ድምፅ አቀረበ፤ ሲስተምዲ በቦታው ጸንቶ፥ ሌሎቹን አማራጮች መሞከር ለሚሹት በሩ ሳይዘጋ ቀረ።